ሰማዩ የቀላበት ሐሙስ

ይህን የምጽፈው ሰማይ ቀልቶ አየሁ ብዬ ልኩራራባችሁ አይደለም። ያን ሰማይ ከእኔ ጋር ያዩ ብዙ ናቸው፤ ፎቶው እስከ ዛሬ ስልካቸው ውስጥ አለ። እኔ የምነግራችሁ በዚያ ምሽት ሮም ውስጥ አንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ቆሜ ሳለሁ ልውጠውም ልተፋውም ስላቃተኝ አንድ ወሬ ነው። ወሬው የጓደኛዬ የሙሉ እናት መሞታቸው ነበር። እኔ ሰምቻለሁ፣ ሙሉ አልሰማችም። አጠገቤ ቆማ ትስቅ ነበር።

ማን እንደሆንኩ ላስቀድም። ባልዱይና በሚባለው ከፍ ያለ የሮም ሰፈር የአንድ ሕንፃ ፖርቲየራ ነኝ፤ በር ጠባቂ ማለት ነው። ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ቤት እኖራለሁ፣ ደረጃ እወለውላለሁ፣ ፖስታ እቀበላለሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ እያወቅሁ ምንም እንደማያውቅ ሰው ፈገግ እላለሁ። በዚህ በመጨረሻው ሙያዬ በጣም እመካ ነበር። ፊቴ ላይ ምንም አይነበብም እል ነበር።

ሙሉ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ባዳንቴ ነች፤ ፕራቲ ሰፈር ውስጥ አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች፣ እዚያው ታድራለች። ባዳንቴ የሆነች ሁሉ እንደምታውቀው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ የራሷ ናቸው። ስለዚህ ሐሙስ የእኛ ቀን ነበር። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለች የሐበሻ ቡና ቤት እንገናኛለን፣ ሰው እናማለን፣ ሙሉ ጉልበቷን እየመታች ትስቃለች፣ ማታ ወደየሥራችን እንበተናለን። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቷ ለዓመታት ተጓትቶባት እናቷን ሳታይ ኖራለች። በዚያ ዓመት በጋ ላይ ግን "ወይኒ፣ ፔርሜሶዬ ወጣ!" ብላ መንገድ ላይ በደስታ አንቃኝ ነበር። ለጥምቀት ልትሄድ ትኬት ቆርጣለች። ለእናቷ የገዛችው ወፍራም ካፖርት የእሷ ክፍል አልበቃ ብሎ እኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ለምን ካፖርት እንደሆነ አይጠይቅም።

ያን ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ደረጃ እየወለወልኩ ሳለ የሙሉ ወንድም ደወለ። ቁጥሬን የሰጠችው እሷ ናት፤ አንድ ነገር ብሆን ብላ።

"እህት ወይንሸት፣" አለኝ፤ ድምፁ ጎርነን ብሎ ተሰበረ። "እማዬ ዛሬ ጠዋት አረፈች። ሙሉ ለብቻዋ እንዳትሰማ። አደራ፣ በስልክ እንዳትሰማ።"

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣" አልኩት። "በእኔ ይሁን።"

በእኔ ይሁን! እንዴት ቀላል ቃል ነው።

መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ እትዬ ሮዛ ጋ ደወልኩ። እትዬ ሮዛ አባቷ ጣሊያን፣ እናቷ ሐበሻ፣ አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ሮም የገባች ትልቅ ሴት ናት። የዚህ ከተማ ሐበሻ ግማሹ መርዶውን የሰማው ከእሷ አፍ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ላይ እሷ ያልኳት ስለምቀርባት ነው።

"አሎራ፣ እንግዲህ፣" አለች ሁሉንም ከሰማች በኋላ። "ዛሬ ማታ አይነገራትም። ማታ ሰምታ ሌሊቱን በምን ትገፋዋለች? እራቷን ትብላ፣ ትተኛ። ጎህ ሲቀድ እኔ እነግራታለሁ። አንቺ ዛሬ ታመሚ።"

"ምን አሉኝ?"

"ታመሚ! አሞኛል፣ ነይ እደሪልኝ በያት። ሙሉን አውቃታለሁ፣ የታመመ ሰው ትታ አትሄድም። ለአሠሪዎቿ ንገሪያቸው፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ቫ ቤኔ?"

"ቫ ቤኔ፣ እሺ፣" አልኩ።

እንዲህ ሆነና የሙሉ እናት መሞታቸውን ከሙሉ በፊት ሮም ሰማች። የአሠሪዋ ልጅ ሰማች፣ አለቀሰችም። ጠዋት ለሚመጣው ለቀስተኛ ወንበር ልዋስ ብዬ የጠየቅኋት የሦስተኛ ፎቅ ሲኞራ ሰማች። ተርሚኒ ያሉት ጓደኞቻችን ሰሙ። ወንድሟንም ዘመድ ሁሉ እስከ ነገ ፌስቡክ ላይ ምንም እንዳይለጥፍ እንዲያስጠነቅቅ ነገርኩት። ያልሰማችው አንድ ሰው ብቻ ናት፤ እሷም በአውቶቡስ ወደ እኔ እየመጣች ነበር።

በሩን ስከፍትላት ዝንጅብል፣ ሎሚና ዶሮ ተሸክማ ቆማለች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ መዳፏን ግንባሬ ላይ አደረገች።

"ትኩሳት የለሽም። ግን ፊትሽ አመድ መስሏል። ምንሽን ነው የሚያምሽ?"

"ሁሉንም፣" አልኳት። አልዋሸኋትም።

አልጋ ላይ አስተኝታ እግሬን ሸፈነችልኝ። ሾርባ ሠራች። እኔ ትራስ ተደግፌ ጀርባዋን አያለሁ፤ ሽንኩርት እየከተፈች ታንጎራጉራለች፣ ስለ አሮጊቷ ጠባይ ታወራለች፣ ደብረ ብርሃን ስትደርስ መጀመሪያ ምን እንደምትበላ ትነግረኛለች። በማንኪያ ስታጎርሰኝ እንባዬ መጣ።

"በይ ደግሞ እንደ ሕፃን! ያልፋል እኮ፣" አለችኝ።

አመሻሽ ላይ እትዬ ሮዛ ትልቅ ቦርሳ ይዛ ገባች። ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ እኔ አውቃለሁ፤ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ነጠላ። ሙሉ ተነስታ ሳመቻት። "እርስዎም ሊጠይቋት መጡ? ምነው፣ በአንድ ጉንፋን ሮም ተነቃነቀች እኮ!" ብላ ሳቀች። እትዬ ሮዛ ወንበሩን ሳብ አድርጋ ከመቀመጧ፣ "ስልኬ ሞቶብኛል፣ ያንቺን አውሺኝ ልጄ፣" አለች። ሙሉ ሰጠቻት። እትዬ ሮዛ ለይስሙላ ሁለት ቃል ካወራችበት በኋላ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በሩ ተደበደበ።

አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። እርጋታቸው እንኳን እኔን ውሻቸውን የሚያሰለች ሰው፣ ፒጃማቸው ላይ ጃኬት ደርበው እያለከለኩ ቆመዋል። "ሲኞራ፣ የጣሪያውን ቁልፍ! ቶሎ! ሰማዩን እዩት፣ አውሮራ ቦሬያሌ!" አሉኝ። የሰሜን ዋልታ ብርሃን ማለታቸው ነው፤ በረዶ አገር ያሉ ሰዎች የሚያዩት። ፀሐይ ላይ ኃይለኛ ማዕበል ተነስቶ ነው፣ በዕድሜዬ ሮም ላይ አይቼው አላውቅም እያሉ እጃቸውን ዘረጉ።

ቁልፉን ሰጥቼ ልገላገላቸው ስል ሙሉ ብድግ አለች።

"እንሂድ!"

"አሞኛል እኮ፣" አልኩ።

"አየር ይሻልሻል። ነይ እትዬ ሮዛ... ይቅርታ፣ ይምጡ፣ ይምጡ! እንዲህ ያለ ነገር መቼ ይገኛል?" ብርድ ልብሱን ትከሻዬ ላይ ጠቀለለችብኝና እየደገፈችኝ ወደ አሳንሰሩ ወሰደችኝ። እትዬ ሮዛን አየኋት። ዓይኗን ጨፍና ገለጠችው፤ ተያት ማለቷ ነው።

የሕንፃው ሰው ግማሹ ወጥቷል። ልብስ በሚሰጣበት ገመድ መሃል ቆመው ሁሉም ወደ ሰሜን፣ ወደ ካሲያ መንገድ አቅጣጫ ያያሉ። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ቆይቶ ግን ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ከኮረብታዎቹ በላይ የደፈረሰ ቅላት አየሁ። ከተራራው ጀርባ አገር እየተቃጠለ ጭሱ ብቻ የማይታይ ይመስል ነበር። ነፋስ የለም፣ ድምፅ የለም፤ እንደዚያ ያለ ነገር ድምፅ ሊኖረው ይገባል ብዬ ጠበቅሁ። ሰዎቹ ስልካቸውን ሲያነሱ ደግሞ መስተዋቱ ላይ የሚወጣው ቀለም ሌላ ነው። በዓይን የደበዘዘው ስልኩ ላይ ደም ነው። አንዷ ስታየው ስልኳን መልሳ ዝቅ አደረገችው።

"እናቴ ልጅ ሳለሁ ትነግረኝ ነበር፣" አሉ አስተማሪው ቀስ ብለው። "ከጦርነቱ በፊት አንድ ክረምት ሰማዩ እንዲህ ቀልቶ ነበር። ሰው ሁሉ እሳት ነው ብሎ ወጣ። ከዚያ ወንድሞቿ አንድ በአንድ ወደ ጦሩ ተጠሩ።"

እትዬ ሮዛ እንደ ካቶሊኮቹ አማተበች። እኔ ምልክት የማምን ሰው አይደለሁም፤ በዚያ ሰዓት ግን ሰማዩ የሚያሳብቅብኝ መሰለኝ። ከመላው ጣሪያ የምታበራው ሙሉ ብቻ ነበረች። ወደ ግንቡ ጥግ ሄዳ ተንጠራርታ "ወይኔ! ወይኔ ወይኒ፣ እዪ ወደ ላይ ሲያድግ!" ትላለች። እውነትም አንድ ቀይ ዓምድ ከቅላቱ መሃል ተነስቶ ወደ ላይ እየተሳበ ነበር።

በዚህ መሃል የሦስተኛ ፎቋ ሲኞራ ወደ ሙሉ ስትራመድ አየኋት። አንገቷን ዘንበል አድርጋለች፣ ሁለት እጇን ዘርግታለች። ሐዘንተኛ ሊያቅፍ የሚመጣ ጣሊያን እንዴት እንደሚራመድ አውቃለሁ። "ሲኞራ ሙሉ፣ በጣም አ..." ስትል መሃላቸው ገብቼ ሳል ጀመርኩ። ደረቴ እስኪቀደድ ሳልኩ። ብርድ ልብሱ ወደቀ። ሙሉ ጀርባዬን ትመታለች፣ ሲኞራዋ ግራ ገብቷት ታየኛለች፤ በዓይኔ ለመንኳት። ገባትና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ሄደች።

"እንውረድ፣" አልኩ ሳሌ ሲበርድ።

"አንዴ ብቻ! ለእማዬ ልላክላት። እትዬ ሮዛ፣ ስልኬን!"

እትዬ ሮዛ ኪሷን ዳበሰች፣ "እታች ረሳሁት መሰለኝ፣" አለች። በዚያው ቅጽበት ስልኩ ኪሷ ውስጥ ጠርቶ በራ፤ ከተርሚኒ ጓደኞቻችን አንዷ ነበረች፣ ነገሩ አልቆ እንደሆነ ልታጣራ። ሙሉ እየሳቀች "ይኸው እኮ!" ብላ ከኪሷ ውስጥ ወሰደችው፣ ጥሪውንም ሳታነሳ ዘጋችው። ፎቶውን አነሳች። ከዚያ እናቷ ማንበብ ስለማይችሉ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ በድምፅ ማውራት ጀመረች።

"እማዬ! እማዬ ፎቶውን እይልኝ። ሰማይ ነው እኮ፣ ሮም ላይ ነው። እሳት እንዳይመስልሽ፣ ብርሃን ነው። ፀሐይዋ ተናዳ ነው አሉ!" ሳቀች። "ወይኒ አሟት አጠገቧ ነኝ፣ ሰላም ትልሻለች። ወይኒ፣ በያት!"

ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው።

አንባቢዎቼ፣ በሕይወታችሁ ለሞተ ሰው ሰላምታ እንድትልኩ ተጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? "እንደምን አመሹ እማማ፣" አልኩ። የማን ድምፅ እንደሆነ አላወቅሁትም።

"ሰማሽ እማዬ? ድምጿ ተዘግቷል። በይ ደህና እደሪ፣ ለጥምቀት እንገናኛለን፣" ብላ ላከችው።

ስልኩን እንደያዘች ወደ ሰማዩ ቀና አለች። እኔ ግን ከስልኩ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ከመልእክቱ ሥር ያሉት፣ ተቀባዩ ሲከፍተው ሰማያዊ የሚሆኑት ሁለት ትንንሽ ምልክቶች ግራጫ ናቸው። ግራጫ ሆነው ይቀራሉ፣ ነገ ጠዋት ይነገራታል፣ ያልቃል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ምልክቶቹ ሰማያዊ ሆኑ።

"ሰማችኝ!" አለች ሙሉ። ፊቷ በሙሉ በራ። "አየሽ፣ አልተኛችም። እየሰማችኝ ነው!"

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። እትዬ ሮዛ ከጀርባዋ ራሷን እየነቀነቀች "ኖ፣ ወይንሸት፣ ኖ" ስትለኝ አይቻታለሁ። ያ የምመካበት ፊቴ ግን ከድቶኛል፤ ሙሉም ፊቴን አየችው። ሳቋ ከከንፈሯ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ሙሉዬ፣ እናትሽ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል።"

አልጮኸችም። ስልኩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንደገና ስልኩን አየችው።

"ታዲያ ማን ነው የሰማኝ?" አለች።

እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ የቀረው ከዚያ በኋላ የመጣው ጩኸት አይደለም፤ ያ በቀስታ የተጠየቀ ጥያቄ ነው። ሸክላው ወለል ላይ ተቀመጠች። አስተማሪው ሰማዩ ያስፈራት መስሏቸው ጎንበስ አሉና "አይዞዎት ሲኞራ፣ ምንም አያደርግም፣ ብርሃን ብቻ ነው፣" አሏት። ያኔ ነው የጮኸችው። በአካባቢው ያሉ መስኮቶች ሁሉ ተከፈቱ። ጣሪያው ላይ ያለው ሰው ስልኩን አወረደ፤ ሰማዩን የሚያይ ጠፋ። እኔና እትዬ ሮዛ ግራና ቀኝ ይዘናት ቁጭ አልን። እትዬ ሮዛ እያለቀሰች ትቆጣኛለች፤ "እስኪነጋ! እስኪነጋ ብቻ አልኩሽ!"

ሲነጋ ቤቴ በሰው ሞልቶ ነበር። ሙሉ ጥቁሩን ለብሳ መሃል ተቀምጣለች። ለሁሉም እጇን ሰጠች። እኔን ግን አላየችኝም፤ ሳምንታት አላየችኝም።

ማን እንደሰማት የታወቀው ለአርባው ሄዳ ስትመለስ ነው። የእናቷ ታላቅ እህት ናቸው። የሟችን ስልክ መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠው ለቅሶው መሃል ተቀምጠው ሳለ በራ። የሙሉን ፊት ሲያዩ ነካ አደረጉት። ድንኳኑ ውስጥ ሳቋ ተሰማ። አልቃሹ ሁሉ ጸጥ አለ አሉ፣ ወንድሟ ሊደውል ሲነሳ አክስትየዋ ያዙት። "ተዋት፣ ዛሬን ትሳቅ፣" አሉት።

ይህን የነገረችኝ ሐሙስ ቀን ነው፤ ተርሚኒ፣ የድሮ ወንበራችን ላይ። አክስትየዋም እትዬ ሮዛም አንድ ዓይነት ነገር አስበዋል፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። ሙሉ ግን ራሷን ነቀነቀች።

"አይደለም። ከሁሉም አንቺ ትሻያለሽ፣ አንቺም ግን ዘግይተሻል። እማዬ ሞታ ሾርባ ሠርቻለሁ ወይኒ። ስስቅ ቆማችሁ አያችሁኝ። የአሠሪዬ ልጅ እንኳ ከእኔ ቀድማ አልቅሳለች። እናቴ የማን ናት?" አለችኝ።

ያን ቀን ቃል ተገባባን። ማናችንም ብንሰማ፣ ሥራ ላይም ሆነ መንገድ ላይ፣ የማንም አደራ ቢኖርብን፣ ያኔውኑ እንነጋገራለን። እትዬ ሮዛ ስትሰማ "አብዳችኋል፣" አለች። ምናልባት እናንተም እንደዚያው ትሉ ይሆናል። ሰው ብቻውን ወድቆ ራሱን ቢሰብርስ? አላሾፍም፣ መርዶን እንዲህ አድርገው የሠሩት ሰዎች ሐዘን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ በዚያ ሌሊት የእትዬ ሮዛ ክንድ ባይኖር ሙሉን እኔ ብቻዬን አልይዛትም ነበር። ግን ያን ጥያቄ የሰማሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ያለ ምክንያት "ነይ እቤት" ሲለኝ እግሬ ይከብደኛል። ሁለት ጓደኞቼ አብረው ሲመጡ ካየሁ ከሰላምታ በፊት ፊታቸውን አነባለሁ። ይህ ፍርሃት የለቀቀኝ ከሙሉ ጋር ብቻ ነው፤ እሷ ስትስቅ ምንም እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ዘንድሮ በአንድ ጠዋት ፖስታ እየለየሁ ሳለ ደወለች።

"ወይኒ፣ ቁጭ በይ።"

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። እናትሽ ግን ከትናንት ጀምሮ አፋቸው ተይዟል። ወንድምሽ ደውሎልኝ ነበር። እንዳልነግርሽ አስምሎኛል፣ እኔም ምያለሁ። አሁን ዝጊውና ደውዪለት።"

ወንድሜ መጀመሪያ "ደህና ናት፣ ተኝታ ነው፣" አለኝ። "ሙሉ ነግራኛለች፣" አልኩት። "ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርግልኝ፣" አልኩት። ሲያለቅስ ሰማሁ፤ ከዚያ የጨርቅ መንኮሻኮሽ፣ ከዚያ የእናቴ ከባድ ትንፋሽ።

ምን አወራሽ ብትሉኝ ቁም ነገር የለውም። ቁርስ እንዳልበላሁ፣ አሳንሰሩ እንደተበላሸ፣ የአስተማሪው ውሻ እንዳረጀ ነገርኳት። እማዬ፣ እማዬ እያልኩ ጠራኋት። ወንድሜ "ይበቃል እህቴ፣" እስኪለኝ ድረስ አወራሁ። ሳይመሽ አረፈች።

ትስማኝ አትስማኝ አላውቅም። ስልኩ ያረፈበት ጆሮ ግን የእናቴ ነበር።